ጽዋው መንገድ የወጣ ዕለት

አይሱዙው ከቡሬ መናኸሪያ ወጥቶ የማንኩሳን መንገድ ሲይዝ፣ አቻምየለሽ በነጭ ነጠላ የተጠቀለለውን የጽዋ መሶብ ጭኗ ላይ አድርጋ በሁለት ክንዷ አቅፋው ነበር። መኪናው ጉድጓድ በገባ ቁጥር መሶቡ እንዳይነካ እሷ ራሷ ከብረቱ ጋር ትጋጫለች። ከኋላዋ እስከ ሸራው ድረስ የተቆለለው የበርበሬ ጆንያ ነው። በኅዳር ከቡሬ የሚወጣ መኪና ሁሉ ተሳፋሪውን እያስነጠሰና እያስለቀሰ ስለሚሄድ፣ ሐዘንተኛውን ከሠርገኛው መለየት ያስቸግራል።

ለጸሐፊ የሽዋስ ይህ በጀው። ከተነሱ ጀምሮ ዓይኑ አልደረቀም፤ የጠየቀው ሲኖር «በርበሬው ነው» ይላል፤ ግማሹስ እውነትም በርበሬው ነበር።

«አበልጄ፣ እስቲ ትንሽ እኔ ልያዝልዎ» አላት።

«ተረኛ ሳይቀበል አይነካም» አለች አቻምየለሽ፣ ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል። «ሥርዓቱን የሚነግሩን አንቱ አልነበሩም?»

ነበረ። በሚካኤል ማኅበር ውስጥ ሥርዓት አዋቂ ከተባለ ከቄስ ገብረ ኢየሱስ ቀጥሎ የሚጠራው እሱ ነው። ልጅነቱን በቆሎ ተማሪነት ጨርሶ፣ ቅኔ ተቀኝቶ፣ ክህነቱን ሳይቀበል ወደ አስኳላ ዞሮ፣ በመጨረሻ የቀበሌ ጸሐፊ ሆኖ የቀረ ሰው ነው። ደርግ ሲወድቅ ሊቀመንበሩም፣ ጥበቃውም፣ በግድግዳው ላይ የተሰቀለው ፎቶግራፍም ተለወጠ፤ እሱ ብቻ ከነብዕሩ ቀረ። የቡሬ ሰው «መንግሥት ያልፋል፣ የየሽዋስ ቀለም አይደርቅም» እያለ ይቀልድበታል። እሱ ቀልዱን እንደ ምስጋና ነበር የሚሰማው።

የማኅበሩ ጽዋ አሥራ ሁለት ቤት ይዞራል። በወሩ አሥራ ሁለተኛ ቀን የደገሰው ሰው መሶቡን አንስቶ ለሚቀጥለው ተረኛ በገዛ እጁ ይሰጣል። ተቀባዩ ቆሞ ይቀበላል። ሰጪውም «ያድርስህ» ይለዋል፤ ለሚመጣው ወር በደህና ያድርስህ ማለት ነው። የጥቅምቱን ጽዋ የተቀበሉት የአቻምየለሽ ባል፣ ባለወፍጮው አቶ ሃይለ ሚካኤል ነበሩ። ስለዚህ ዛሬ፣ ኅዳር አሥራ ሁለት ቀን 1991 ዓ.ም.፣ ደጋሹ እሳቸው፣ ተቀባዩ የሽዋስ ነው። ጠላው ተጠምቋል፤ ዳቦው ተደፍቷል። ከሦስት ቀን በፊት ግን ሁለት ሰዎች ወፍጮ ቤት ድረስ መጥተው ደጋሹን ወደ ፍኖተ ሰላም ይዘዋቸው ሄዱ። ሞተሩን ለማጥፋት እንኳ ጊዜ አልሰጧቸውም። ድንጋዩ እህሉን ጨርሶ ባዶውን ሲጮህ ጎረቤት ሰምቶ ነው የደረሰለት።

ምክንያቱን ያልሰማ አልነበረም። አቶ ሃይለ ሚካኤል ደቀመሐሪ ተወልደው፣ የጭነት መኪና እየጠገኑ በወጣትነታቸው ቡሬ የደረሱ፣ እዚያው ወፍጮ ተክለው፣ የአዊዋን ልጅ አቻምየለሽን አግብተው የቀሩ ሰው ናቸው። ኤርትራ የራሷ አገር ከሆነች ገና አምስት ዓመቷ ነው። ባንዲራ አወጣች፤ ገንዘብ አሳተመች፤ ከግንቦት ወዲህ ደግሞ ባድመ ላይ መድፍ ይጮሃል። መድፉ ቡሬ ድረስ አይሰማም። የተሰማው የስም ዝርዝሩ ነው።

ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ግራ ገባቸው። ሰጪው በሕይወት እያለ ጽዋ ከሌላ እጅ አይወሰድም፤ ጽዋ ደግሞ መንገድ ወጥቶ አያውቅም። ሁለቱን ሥርዓት ያስታረቁት ቄስ ገብረ ኢየሱስ ናቸው። «ሚካኤልስ ራሱ መንገደኛ አይደለም ወይ? እስራኤልን በበረሃ የመራ ማን ሆነና» አሉ። እነሆ አሁን ጋቢና ውስጥ ከሾፌሩ ጎን፣ መስቀላቸውን በመሐረብ ጠቅልለው ተቀምጠዋል።

የሽዋስ ግን ጽዋ ለመቀበል ብቻ አልነበረም የተላከው። ሌላ ጉዳይ ነበረበት፤ ዓይኑን እንዳይደርቅ ያደረገውም እሱው ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከኤርትራው ሪፈረንደም ነው። በሚያዝያ 1985 አቶ ሃይለ ሚካኤል አዲስ አበባ ድረስ ሄደው ድምፅ ሰጥተው ተመለሱ። ከመሄዳቸው በፊት ቅጹን አብሯቸው ተቀምጦ ያነበበላቸው የሽዋስ ነው። ሲመለሱ በግ አርደው ጎረቤቱን ጠሩ። ታላቅ ወንድማቸው የሞተበት ነገር ነውና «አይሆንም» የሚል ወረቀት ቢጥሉ አጥንቱ እንደሚወቅሳቸው ተናገሩ። ደግሞስ ምን ክፋት አለው፣ ልጅ አድጎ ጎጆ ቢወጣ አባቱን ይክዳል እንዴ፣ ጎጆ ወጡ እንጂ አልተጣላን አሉ። የሽዋስ የበጉን ጎድን በእጁ እንደያዘ ያቺን «ጎጆ መውጣት» በቅኔ አድርጎ ተቀኘላት፤ ቤቱ ሁሉ አጨበጨበለት። ያን ቀን ከተበላው በግ የቀረ አጥንት አልነበረም፤ ስድስት ዓመት ሳይሞላው ግን የበላው ሁሉ ያልበላ ሆነ።

በሕይወት የቀረው ታናሽ ወንድማቸውም ከኤርትራ ይጽፍላቸው ነበር። አገሩ ሁሉ እየተቆፈረ ነው፣ መንገድ ይጠረጋል፣ ግድብ ይገደባል፣ ተማሪው ክረምት ክረምት ተራራ ላይ ዛፍ ሲተክል ነው የሚከርም፣ ወፍጮ የሚተክል ሰው ግን አጥተናል፣ ና ግባ ይላል። አቶ ሃይለ ሚካኤል ደብዳቤውን ለየሽዋስ እያነበቡ ደስ ይላቸዋል፣ ዓይናቸውም እንባ ያቀራል፤ ከዚያ አጥፈው ኪሳቸው ይከቱትና «የቡሬን በቆሎ ማን ሊፈጭ ነው?» ብለው ወደ ሞተራቸው ይመለሳሉ።

በጥቅምት መጨረሻ ከላይ አንድ ቅጽ መጣ። ቀበሌው የኤርትራ ተወላጆቹን «አቋም» በጽሑፍ እንዲገልጽ የሚያዝዝ ነው። ሊቀመንበሩ ቅጹን ጠረጴዛው ላይ ጥሎ «አንተ ታውቃቸዋለህ» ብሎት ወጣ። የሽዋስ ከቀትር በኋላውን ሙሉ ተቀመጠ። በጎ ቢጽፍ ለጠላት ጠበቃ ቆመ ይሉታል፤ ቤቱ የቀበሌ ቤት ነው፣ እንጀራው የቀበሌ እንጀራ ነው። ክፉ ቢጽፍ ደግሞ ሚስቱ ወይኒቱ የእኚህን ሰው ልጅ ያምሮትን ክርስትና ያነሳች ናት። ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ግድም ቃሏ መጣችለት። እንዲህ ሲል ጻፈ፦

«ግለሰቡ በቀበሌያችን ሠላሳ ዓመት የኖሩ፣ ልባቸው ከአገራቸው ከቶ ያልተለየ ሰው ናቸው።»

ለወዳጅ አንባቢ አገራቸው ቡሬ ናት። ለክፉ አንባቢ አገራቸው ማዶ ያለችው ናት። ጸሐፊው ራሱ ግን በሁለቱም በኩል ምንም አላለም። የሽዋስ ማኅተሙን ሲያሳርፍ፣ ይህን ለሚስቱም አልተናገረውም፣ ፈገግ ብሎ ነበር። ቃሏ አምራው ነበር። አሁን በርበሬ ጆንያ ተደግፎ ያቺን ፈገግታ ሲያስታውሳት ጆሮው ድረስ ይግላል። ፈርቶ ብቻ ቢሆን ሰው ነው፣ ሰው ይፈራል። እሱ ግን በፍርሃቱ ተራቅቆበት ነበር።

ባሏ የተወሰዱ ዕለት አቻምየለሽ ቀበሌ ድረስ መጥታ «ምን ብለው ጻፉልን?» ብላ ጠይቃዋለች። ቃል በቃል ነገራት። አቻምየለሽ አማርኛን ከአገውኛ ቀጥላ የተማረች ስለሆነች፣ ቃል ሲሰጧት እንደ ገበያ ዕቃ አገላብጣ ሳታይ አትቀበልም። «ከየትኛው?» አለችው።

«አይ አበልጄ፣ ይኼም ይጠየቃል?» ብሎ ሳቀ።

እሷ አልሳቀችም።

ማኅበረተኛው ግን አመነው። ደብዳቤውን የጻፈው እሱ ነው፣ ሄዶ ቃሉን ያስረዳ፣ ሰውዬው ይመለሳሉ ተባለ። የሽዋስ ከቡሬ እስከ ማንኩሳ፣ ከማንኩሳም ወዲያ፣ የሚናገረውን በልቡ ሲያጠና መጣ። «አገራቸው ያልኩት ቡሬን ነው።» አራት ቃል ናት። የዳዊት ተማሪ እንኳ በአንድ ትንፋሽ ይወጣታል።

ፍኖተ ሰላም በጭስ ተቀበለቻቸው። ኅዳር ሲታጠን ነው፤ በሽታ ከአገር ይውጣ ተብሎ በየደጁ የተጠረገው ጉድፍ ተከምሮ ይነዳል። ተወላጆቹ የተሰበሰቡት ከከተማው ጠርዝ ባለ አሮጌ የእህል መጋዘን ነበር። አጥሩ ሥር ሰው በሰው ላይ ሆኖ ቆሟል፤ የሚያለቅስ አለ፣ ብርድ ልብስ የያዘ አለ፣ ምንም ሳይዝ የመጣም አለ። ደጁ ላይ ወደ ኤርትራ ድንበር የሚወስዳቸው አንድ አሮጌ አውቶቡስ ቆሞ አልነሳም ብሏል፤ ሾፌሩ ቁልፉን በጠመዘዘ ቁጥር ያስልና ዝም ይላል። ከስድስት ሰዓት በፊት ይነሳል የተባለው መኪና እስካሁን የዘገየው በዚህ ነው። አቻምየለሽ ይህን ስትሰማ መሶቡን ወደ ደረቷ ጠጋ አድርጋ «ሚካኤል ይዞት ነው» አለች፤ ፊቷም ለመጀመሪያ ጊዜ ትንሽ ተፈታ።

ጉዳዩን የያዘው ኃላፊ እጅጉ ይባላል። ክፉ ሰው አይመስልም፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ነው የሚመስለው። የቄስ ገብረ ኢየሱስን መስቀል ተነስቶ ተሳለመ። ልመናቸውን እስከ መጨረሻው ሰማ። ከዚያ እሳቸውና አቻምየለሽ ውጭ አግዳሚው ላይ እንዲጠብቁ በአክብሮት ለመነና፣ የሽዋስን ብቻ አስቀርቶ ከአቃፊው ውስጥ አንድ ወረቀት አወጣ።

«ይህን የጻፍከው አንተ ነህ?»

«አዎ ጌታዬ።»

በወረቀቱ ላይ «ከአገራቸው» የምትለዋ ቃል በቀይ እርሳስ ተሰምሮባታል፤ አንድ ጊዜ ሳይሆን ሁለት ጊዜ።

«እዚህ ሁለት ሆነን ተከራከርንባት» አለ እጅጉ። «አንዱ ቡሬን ማለቱ ነው አለ፤ አንዱ የለም ኤርትራን ነው አለ። ሌላ የከፋ ነገር አላገኘንባቸውም። ሰውዬው የተያዙት በዚች ቃል ነው ብልህ ውሸት አይሆንም። እንኳን መጣህ። የትኛዋን ነው? ቡሬን ከሆነ እዚህ ጎን ላይ ጻፍልኝ። ስምህን፣ የቤት ቁጥርህን አስቀምጥና ፈርምባት። ከዛሬው መኪና ይወርዱና ጉዳያቸው እንደገና ይታያል።»

ብዕሩን ወደ የሽዋስ ገፋለት።

አራቷ ቃል የሽዋስ አፍ ውስጥ ነበረች። ነገር ግን «የቤት ቁጥርህን» የምትለው ከኋላ መጥታ ቀደመቻት። የቤት ቁጥሩ በራፉ ላይ በቆርቆሮ ተጽፎ የተቸነከረ ነው፤ የቸነከረው ራሱ ነው። አንድ ቀን ሁለት ሰዎች ያቺን ቆርቆሮ ቀና ብለው ሲያነቧት ታየው። ወይኒቱ በሩን ስትከፍትላቸው ታየው። ብዕሩን አነሳና መልሶ አስቀመጠው።

«ጌታዬ» አለ። «አገር እንግዲህ፣ ሰው የተወለደበትም አገሩ ነው፤ የኖረበትም አገሩ ነው። እናንተ ደግሞ ከእኛ ይልቅ ሰፊውን ታያላችሁ።»

እጅጉ ጠበቀው። ውጭ አውቶቡሱ አሳለና ዝም አለ።

«ይኼው ነው?»

«ይኼው ነው።»

«ጎበዝ ጸሐፊ ነህ» አለው እጅጉ፤ ምስጋና አልነበረም። ብዕሩን ወስዶ ኪሱ ሰካው፤ አቃፊውን ዘጋው።

የሽዋስ ከወንበሩ ተነሳ። ማንም ዱላ አላነሳበትም፤ ማንም አልጮኸበትም። የተጠየቀው የአንዲት ከተማ ስም ነበር፤ ተወልዶ ያደገባትን፣ ሌሊት ከእንቅልፉ ቢቀሰቅሱት የሚጠራትን። እሷን ነው መጥራት ያቃተው። ተማሪ ሳለ ለምኖ ሲያጣ፣ በውሻ ሲባረር፣ ለብሶት የመጣው ደበሎ ጀርባው ላይ ሲቀደድ አፍሮ ያውቃል፤ ያ ሁሉ እፍረት ከላዩ የሚራገፍ ነበር። ይህኛው ግን ከውስጥ ሆኖ ገላውን ለበሰው።

ደጁ ላይ አቻምየለሽ ተነስታ ቆማለች። «ምን አሉ?»

«ይታያል ብለዋል» አላት። ማን እንደሚያየው አልተናገረም።

ጠባቂው ወደ አውቶቡሱ መራቸው። አቶ ሃይለ ሚካኤልን ያገኟቸው መጋዘኑ ውስጥ አልነበረም፤ አውቶቡሱ ሥር ተንጋለው፣ እግራቸው ብቻ ወጥቶ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ሲያስል የሰሙትን ሞተር አላስችል ብሏቸው፣ ጠባቂዎቹን ለምነው መፍቻ ተውሰው መግባታቸውን ሾፌሩ እየሳቀ ነገራቸው። ድምፃቸውን ሲሰሙ ወጡ። ፀጉራቸው ሽበት ነው፤ እጃቸው እስከ ክርናቸው ናፍጣ ነው።

አቻምየለሽ አየቻቸው፤ መፍቻውንም አየችው። ያ ፊቷ ላይ የነበረው ትንሽ ተስፋ ሲጠፋ የሽዋስ ተመለከተ።

«ሊወስድዎት የመጣውን መኪና ይጠግናሉ?» አለች።

«ሞተሩ ምን አጠፋ?» አሉ አቶ ሃይለ ሚካኤል።

እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ስለ ቤቱ ጠየቁ። ስለ ያምሮት ጠየቁ፤ ትምህርት ቤት እንዳትቀር አሉ። ወፍጮውን ባዶውን እንዳታስፈጪው፣ ድንጋዩን በወር በወሩ አስወቅሪው ብለው የሞተሩን ቁልፍ ከአንገታቸው አውልቀው ሰጧት። ሥራ እንደሚያስረክብ ሰው ረጋ ብለው ነው የሚናገሩት። ከዚያ ወደ የሽዋስ ዞረው፣ በናፍጣ እጃቸው እንዳያቆሽሹት ክንዳቸውን ዘርግተው በክርናቸው አቀፉት።

«ደብዳቤህን አንብበውልኛል» አሉ። «ሁለቴ አስነበብኳቸው፤ በቃሌ ይዣታለሁ። 'ልባቸው ከአገራቸው ከቶ ያልተለየ።' እዚህ የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ የት ተወለድክ ነው የሚለኝ። የት ኖርክ ያለኝ የለም። አንተ ግን ቡሬን አገሩ ናት ብለህ ጻፍክልኝ። እኔ እንኳ አፌን ሞልቼ ብያት አላውቅም፤ እንግዳ ነው እንዳልባል እፈራ ነበር።»

የሽዋስ ቀና ማለት አልቻለም። ምነው ቢሰድቡኝ አለ በልቡ። ለስድብ የሚሆን ፊት አዘጋጅቶ ነበር የመጣው፤ ለምስጋና የሚሆን ፊት ግን አልነበረውም።

«አንድ ነገር ላስቸግርህ» አሉ። «ያቺን ቃል ገልብጠህ ስጠኝ። እዚያ ስደርስም መጠየቄ አይቀርም። አዲስ አገር ናት፤ ሁሉን እንደ አዲስ ነው የምትመዘግብ። ሠላሳ ዓመት የት ነበርክ፣ ለማን ስትፈጭ ኖርክ ይሉኛል። ምን ሰው እንደነበርኩ የምታውቅ ወረቀት አትኖረኝም።»

የሽዋስ ከማስታወሻ ደብተሩ አንድ ቅጠል ቀደደ። የአውቶቡሱን ጭቃ መከላከያ እንደ ጠረጴዛ አድርጎ በዚያ በሚታወቅበት ጽሕፈቱ ይጽፍ ጀመር። «ሠላሳ ዓመት የኖሩ» የሚለውን ጻፈ። «ልባቸው» የሚለውን ጻፈ። «ከአገራቸው» ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ። እጅጉ አጠገቡ የለም። የቤት ቁጥር የሚጠይቀው የለም። አሁን ቀላል ነበረች፤ ሁለት ፊደልና አንድ መነሻ ነች። የሽዋስ ጻፋት፦ «ልባቸው ከአገራቸው ከቡሬ ከቶ ያልተለየ»። ለጥቂት ጊዜ ትንፋሹ መለስ አለለት፤ እውነት የተናገረ መሰለው።

አቶ ሃይለ ሚካኤል ወረቀቱን በጥፍራቸው ጫፍ ይዘው ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አነበቡ። መጨረሻው ሳይደርሱ ቆሙ። ወደ ላይ ተመልሰው እንደገና አነበቡ።

«ከቡሬ» አሉ።

የሽዋስ ብዕሩን ወደ ኪሱ መለሰ።

«ይቺ ከፊተኛው አልነበረችም።»

«ያው... ረስቻት ነው እንጂ...» አለ የሽዋስ።

«አንተ ቃል አትረሳም» አሉ አቶ ሃይለ ሚካኤል። ቁጣ የለበትም። አንገታቸውን ጎንበስ አድርገው የሞተር ድምፅ በሚያዳምጡበት አኳኋን ወረቀቱን ሲያዩት ቆዩ። ብልሹው የቱ ጋ እንደሆነ ሲያገኙ ፊታቸው እንዴት እንደሚሆን የሽዋስ ከብዙ ዓመት ጀምሮ ያውቃል፤ አሁንም እንዲያ ሆነ። «ለካ እነሱ ያለሷ ነው ያነበቧት» አሉ። «እኔም እኮ ያለሷ ነው የሰማኋት። የጎደለውን ከራሴ ጨምሬ ነው።»

አቻምየለሽ ከአንዱ ወደ አንዱ አየች። የሚጠየቅ ነገር አልቀረም፤ አልጠየቀችም።

ሾፌሩ ወደ ወንበሩ ወጥቶ ቁልፉን ጠመዘዘ። ሞተሩ ሳያስል፣ ሳያመነታ፣ በአንድ ጊዜ ተነሳ። አጥሩ ሥር ያለው ሰው ጮኸ፤ ጠባቂዎቹ ስም መጥራት ጀመሩ። ቄስ ገብረ ኢየሱስ ቶሎ ቶሎ አሉ። አቻምየለሽ ነጠላውን ፈታችው፤ ከጠርሙስ ውኃ አፍስሳላቸው ባሏ እጃቸውን ታጠቡ። ቄሱ በስመ አብ ብለው ዳቦውን ባረኩ፤ አቶ ሃይለ ሚካኤል ቆርሰው ቀመሱ፣ ከጽዋው ጥቂት ጎነጩ፣ መሶቡን ሸፈኑ። ድግሱ ይኼው ነበር።

ከዚያ መሶቡን በሁለት እጃቸው አነሱት። የሽዋስ ልቡ ወደ ኋላ አለ። ጽዋውን ለሌላ ሰጥተውት ቢሆን በወደደ። ለቄሱ ቢሰጧቸው፣ መሬት ላይ ቢያስቀምጡት። ግን ሥርዓት ሥርዓት ነው፤ ተረኛው እሱ ነው። ቆሞ እጁን ዘረጋ። ፊት ለፊት ተያዩ። መሶቡ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ የአቶ ሃይለ ሚካኤል ከንፈር ተንቀሳቀሰ፤ በዚያችው ቅጽበት ሾፌሩ ነዳጅ ረገጠ።

«ያድር...» የምትለዋን ሰማ። «...ህ» የምትለዋንም ሰማ። መካከሏን ያ የታደሰ ሞተር ዋጣት።

አቶ ሃይለ ሚካኤል ሚስታቸውን ሁለት ጉንጯን ስመው፣ ወረቀቱን አራት አጥፈው የወንድማቸው ደብዳቤዎች ያሉበት ኪስ ውስጥ ከተው ወደ አውቶቡሱ ወጡ። በመስኮት እጃቸውን አወጡ። አቧራውና የኅዳሩ ጭስ ተደባልቆ መኪናውን ሸፈነው።

ሲመለሱ ያው አይሱዙ ነበር የወሰዳቸው። ቄስ ገብረ ኢየሱስ ጋቢና ገቡ፤ ሁለቱ ከኋላ። መኪናው በርበሬውን አራግፎ ባዶውን ነው የሚመለስ፤ ወለሉም ተጠርጓል። የሽዋስ ዓይን ግን ከሄዱበት ይልቅ አሁን ይፈሳል፤ የሚያመካኝበት አንዲት ፍሬ እንኳ አልቀረችለትም። መሶቡ ጭኑ ላይ ነው። እንደዚያ ይከብዳል ብሎ አላሰበም።

ያድርስህ ብለውት ይሆናል። እንዲያ ከሆነ ይቅር ብለውታል፤ የሚመጣውን ወር በደህና ያየዋል። ያድርስብህ ብለውትም ይሆናል፤ እንዲያ ከሆነ ደግሞ የደረሰባቸው ሁሉ አንድ ቀን የእሱን በር ያንኳኳል። በምርቃቱና በእርግማኑ መካከል ያለችው አንዲት «ብ» ናት። በፊደል ሲጫወት የኖረ ሰው አሁን አንዲት ፊደል ስትጫወትበት አገኛት። ደግሞ ያደረገውን ያውቃልና፣ የትኛዋ እንደምትገባው ልቡ ይነግረዋል፤ ቢሆንም ከሰው አፍ መስማት ፈለገ። አቻምየለሽ ከባሏ ጎን ነበረች፤ ጆሮዋ ከአፋቸው ክንድ አይርቅም ነበር። እሷ ሰምታለች።

ማንኩሳን እስኪያልፉ ራሱን ያዘ። ከዚያ አልቻለም።

«አበልጄ» አላት፣ ቀና ብሎ ሳያያት። «አንቱ ቀረብ ብለው ነበር። ሲሰጡኝ... ምን አሉኝ?»

አቻምየለሽ የሞተሩን ቁልፍ በጣቶቿ እያዞረች ሜዳውን ስታይ ቆየች። ያምሮት ክርስትና ከተነሳች ጀምሮ ይህን ሰው አንቱ ሳትለው የዋለችበት ቀን አልነበረም።

«ጸሐፊው አንተ ነህ» አለችው። «ለሁሉም እንዲሆን አድርገህ ጻፈው።»